ለአባትህ ካሴት፦ ፈቃድ ስጡ እንጂ አትሽጡ

ወንድሜ፣ ጥያቄህን በጥሞና አንብቤዋለሁ። ወልዲያ የሚኖሩት አባትህ በ1970ዎቹ አንድ ካሴት አሳትመው፣ ከዚያ ክራራቸውን ሰቅለው በሌላ ሥራ ሲተዳደሩ ከኖሩ በኋላ፣ አሁን በሰባ አንድ ዓመታቸው ዘፈናቸው በየወጣቱ ስልክ መሰማት ጀምሯል፤ አንድ የአውሮፓ አሳታሚም «በሸክላ ላሳትመው» ብሎ ውል ልኮላችኋል። አንተም «ዕድሉ ሳያመልጠን እንፈርም ወይ?» ብለሃል። የእኔም አባት የደሴ ሰው ናቸው። በኪነት ቡድን ዘፍነው፣ አንድ ካሴት አውጥተው፣ ከዚያ ሰኞ ገበያ አካባቢ በስፌት መኪና ቤተሰብ አስተዳድረዋል፤ ገበያው የመጣላቸው ሰባ ሊሞላቸው ጥቂት ሲቀራቸው ነው። ስለዚህ ሌላውን ትቼ እኛን ያቃጠለንን ልንገርህ።

አንደኛ፣ አትቸኩሉ፤ አሳታሚው አይሸሽም። የኪቦርድ ተጫዋቹ ኃይሉ መርጊያ እ.ኤ.አ. በ1985 ያወጡት ካሴት ባሕር ዳር ውስጥ በአንድ የውጭ ሰው እጅ ገብቶ በድጋሚ የታተመው በ2013 ነው። እሳቸው በእነዚያ ዓመታት ዋሽንግተን ውስጥ ታክሲ ይነዱ፣ ተሳፋሪ ሲጠብቁም በመኪናቸው በያዙት ኪቦርድ ይለማመዱ ነበር። የሙላቱ አስታጥቄ የድሮ ቅጂዎች በዓለም ዙሪያ ብዙ አድማጭ ያገኙት በ1998 በተሰባሰበ አልበም ከወጡና በ2005 በአንድ የአሜሪካ ፊልም ውስጥ ከተሰሙ በኋላ ነው። ጌታቸው መኩሪያ ሳክስፎናቸውን ይዘው ከሆላንዱ ባንድ ከዘ ኤክስ ጋር አልበም ያወጡት ሰባ ዓመት አልፏቸው ነው፤ የእማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ ፒያኖ በውጭ አገር አድማጭ ዘንድ በሰፊው የታወቀው ሰማንያን ከተሻገሩ በኋላ ነው። የእናንተው የወልዲያ ልጅ አያሌው መስፍንም በእኛ አቆጣጠር የ1960ዎቹ ሥራዎቹ አሜሪካ ውስጥ በሸክላ ሲታተሙለት ጎልማሳነቱን ጨርሶ ነበር። ይህን ሁሉ የምዘረዝርልህ ለማጽናናት አይደለም። በአብዛኞቹ ላይ ገበያው መጀመሪያ የፈለገው የቆየውን ቅጂ ስለሆነ፣ የእናንተም ጥያቄ «መቼ እንፈርም» ሳይሆን «የዚያ ቅጂ ባለቤት ማን ነው» የሚለው እንደሆነ እንድታይልኝ ነው።

ሁለተኛ፣ የካሴቱን ሽፋን ፈልገህ «ግጥምና ዜማ» ከሚለው አጠገብ ምን እንደተጻፈ ተመልከት። እኛን ያለ ልክ ዋጋ ያስከፈለን ይህ አንድ መስመር ነው። አባቴ ካሴቱን የሰጡት ለአንድ ሙዚቃ ቤት ነበር፤ ባለቤቱ በሕይወት ስለሌሉ ስማቸውን አላነሣም። ሽፋኑ ሲታተም በዘፈኖቹ ሁሉ አጠገብ «ሕዝብ» ተብሎ ተጻፈ። በዚያ ዘመን ማንም ልብ አላለውም፤ አምባሰልና ባቲ የአገር ቅኝቶች ስለሆኑ በእነሱ የተዘፈነው ሁሉ የሕዝብ ነው ተብሎ ይገመት ነበር። ሆኖም ቅኝቱ የጋራ ስለሆነ ብቻ በቅኝቱ ላይ የተገጠመው ግጥምና የተሠራው ዜማ የጋራ አይሆንም። ትዝታን፣ ባቲን፣ አምባሰልንና አንቺሆዬን «እኔ ፈጠርኋቸው» የሚል ግለሰብ የለም፤ ማሪቱ ለገሰ አምባሰልን ስታወርደው ግን ማሪቱ መሆኗን ለማወቅ ሽፋን ማንበብ አያስፈልግም። በአባቴ ካሴት ላይ ደግሞ አያቴ በስማቸው የሚወደሱበት ዘፈን አለ። አባቴ የገዛ እናታቸውን ስም ጠርተው የገጠሙትን ግጥም ሕዝብ ተሰብስቦ እንዴት እንደደረሰው የሚያስረዳኝ ሰው እስከ ዛሬ አላገኘሁም።

ጉዳቱ የታየው ገንዘብ ሲመጣ ነው። የውጭ አሳታሚዎች ሁለት ሒሳብ ይይዛሉ፤ አንዱ ለቀረጻው፣ ሌላው ለድርሰቱ። ሽፋኑ «ሕዝብ» ስላለ የድርሰቱ ሒሳብ ተከፋይ የለውም ተባልን። የቀረጻውን ሒሳብ ደግሞ የሙዚቃ ቤቱ ወራሾች «አባታችን ገዝቶታል» ብለው ይገባናል አሉ። ማስረጃቸው አባቴ የፈረሙበት ደረሰኝ ነበር፤ ደረሰኙ ለካሴት ሥራ ገንዘብ መከፈሉን ከመግለጽ በቀር መብት ስለማስተላለፍ አንዳች አይልም። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ደግሞ የደራሲው የኢኮኖሚ መብት ለሌላ የሚተላለፈው በጽሑፍ ሲደረግ መሆኑን፣ ይህም መብት በደራሲው ዕድሜ ሙሉና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመታት እንደሚቆይ ይደነግጋል። «ጊዜው ያለፈበት ዘፈን ነው» የሚሏችሁ ደላሎች ከመጡ ይህን አዋጅ አሳዩአቸው።

እኔም ይህንኑ አዋጅ ይዤ፣ አባቴን አስከትዬ ወደ አንድ መሥሪያ ቤት ሄድሁ። አባቴ ሙሉ ልብሳቸውን ለብሰው፣ ባርኔጣቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው አጠገቤ ተቀምጠው ሳለ፣ ሠራተኛው ወደ እኔ ብቻ እያየ «ባለቤቱ የት አለ?» አለኝ። እሳቸው መሆናቸውን ስነግረው ፋይሉን ሳይገልጥ «አዝማሪ ደግሞ የምን ባለቤትነት አለው?» ብሎ ወደ ጓደኛው ዞሮ ሳቀ። በአዝማሪነት የሚያፍር ሰው በቤታችን የለም፤ ቢሆንም ያ ሳቅ ምን ለማለት እንደሆነ ሁላችንም እናውቀዋለን። አባቴ ዝም አሉ። እኔ ግን ዕድሜዬን በመምህርነት የጨረስሁ ሰው ነኝ፤ ከሱ የባሱ ተማሪዎችም አስተምሬአለሁ። ማመልከቻዬን በመዝገብ ቤት በኩል አስገብቼ፣ የማይቀበሉት ከሆነ ምክንያቱን ጽፈውና ፈርመው እንዲሰጡኝ ጠየቅሁ። ፋይሉ ከዚያ በኋላ ተከፈተ። አንተም ብትሄድ በቃል ብቻ አትከራከር።

ያሸነፍነው በምን እንደሆነ ልንገርህ፤ ምናልባት አባትህም ያላቸው ነገር ነው። አባቴ ግጥሞቻቸውን በዚያ ዘመን የጻፉበት ደብተር ነበራቸው። ስርዝ ድልዙ ሳይቀር በገዛ እጃቸው የተጻፈ ሲሆን፣ ስርዝ ድልዙ ራሱ ግጥሙ እንዴት እንደተሠራ ስለሚያሳይ ከንጹሕ ግልባጭ ይልቅ ረድቶናል። ከዚህ በተጨማሪ በቀረጻው ላይ የነበሩትን ሰዎች ፈለግን፤ ማሲንቆ የመታው ኮምቦልቻ፣ ተቀባይ የነበረችው ሐይቅ ከተማ ተገኙ። ሁለቱም የትኛው ግጥም የአባቴ፣ የትኛው ከቀድሞ የመጣ እንደሆነ ለይተው ቃላቸውን ሰጡ፤ አባቴም ከቀድሞ የመጡትን ሁለቱን ዘፈኖች የእኔ አይደሉም ብለው በጽሑፍ አስታወቁ፤ ይህም ለቀሪዎቹ ትልቅ እምነት አስገኘላቸው። የምስክሮቹን ቃል በውልና ማስረጃ አረጋገጥነው። ባለ ማሲንቆው ብዙ ሳይቆይ ዐረፈ፤ ነፍሱን ይማር። የአባትህን ጓደኞች ከአሳታሚው በፊት ፈልጋቸው የምልህ ስለዚህ ነው። የሁሉንም ወረቀት ቅጂ ደግሞ ከአንድ ቤት በላይ አስቀምጡ፤ በ2014 በጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲያዙ ስንት ቤተሰብ ወረቀቱን እንዳጣ ለወልዲያ ሰው አልነግረውም። የአባቴ ደብተር የተረፈው ገጠር ዘመድ ቤት ስለነበረ ብቻ ነው።

ሦስተኛው የዩቲዩብ ጉዳይ ነው። አባቴ ሳሎናችን ውስጥ ክራራቸውን ይዘው በስልክ የተቀረጹትን ዘፈን በራሳቸው ገጽ ብንለቀው፣ የማናውቀው አከፋፋይ የመብት ጥያቄ አቀረበበት፤ የማስታወቂያውም ገቢ ታገደ። ሰውዬው የራሳቸውን ዘፈን ሰርቀዋል መባሉ ነው! እንዲህ ሲያጋጥማችሁ ቪዲዮውን አታጥፉት፤ አጥፍቶ እንደገና መልቀቅ ክርክሩን መተው ነው። ተቃውሞ አቅርቡ፤ ጠያቂው መልስ የሚሰጥበት 30 ቀን አለው፤ ዝም ካለ ጥያቄው ይወድቃል። በእኛ ላይ የመጣው ዝም አለ።

አሁን ወደ ውሉ ልመለስ። በላክኸው ረቂቅ ላይ አሳታሚው ቅጂውን «በመላው ዓለም፣ ያለ ጊዜ ገደብ» እንደሚወስድ ተጽፏል። ይህ ሽያጭ ነው። ፈቃድ ስጡት እንጂ አትሽጡለት፤ የፈቃዱ ዘመን በዓመት ይወሰን፣ ሲያበቃ ቅጂው ወደ አባትህ ይመለስ፣ ሸክላው፣ ኢንተርኔቱና ፊልሙም ለየብቻ ይጻፉ። በተለይ ፊልሙን። ለፊልምና ለማስታወቂያ የሚሰጥ ፈቃድ በየጊዜው አባትህ ካልፈረሙበት እንዳይጸና አድርጉ፤ ብዙ ገንዘብ በአንድ ጊዜ ሊመጣ የሚችለው ከዚያ ነው። በድጋሚ ኅትመት ከወጪ በኋላ ያለውን ትርፍ እኩል መካፈል የተለመደ አሠራር ነው፤ ነገር ግን «ወጪ» የሚባለው ተዘርዝሮ ካልተጻፈ የአሳታሚው የአውሮፕላን ትኬትም ወጪ ሆኖ ታገኘዋለህ። ሒሳቡ በየስድስት ወሩ በዝርዝር እንዲላክ ይጻፍ። ሽፋኑም ላይ የግጥሙ ደራሲ ስም በትክክል ይውጣ፤ ይህን አንድ ነገር እምቢ የሚል አሳታሚ ከሆነ ተዉት።

ሸክላው ከወጣ የመድረክ ግብዣ ይከተላል። አባትህ ደስ ይላቸዋል፤ የአባቴን ደስታ ስላየሁ ይከልከሉ አልልህም። የአዲስ አበባው ሆቴል አዳራሽ ጥግ እስከ ጥግ ሞልቶ፣ ልጅ የሚሆኗቸው ወጣቶች ግጥሙን በቃላቸው ሲቀበሏቸው ማየት ለቤተሰባችን ትልቅ ክብር ነበር። ነገር ግን የባንዱ ልጆች ከካሴቱ ላይ አጥንተው የመጡት የወጣትነታቸውን ድምፅ ከፍታ ነው፤ ኪቦርዱም በዚያው ልክ ተዘጋጅቶ ጠበቃቸው። ሁለተኛው ዘፈን ላይ ጉሮሯቸው ተዘጋ። ከዚያ ወዲህ ክራሩ መጀመሪያ በእሳቸው ድምፅ ልክ ይቃኛል፣ ባንዱም ክራሩን ይከተላል፤ ይህንንም በየውሉ እናስጽፋለን፤ ከአንድ ሰዓት በላይ እንደማይዘፍኑና ግማሹ ክፍያ ከመድረክ በፊት እንደሚገባም እንዲሁ። አዘጋጆቹ መጀመሪያ ያጉረመርማሉ፣ በኋላ ይፈርማሉ።

እስከዚያው ለአሳታሚው «ውሉ ደርሶናል፣ እየተመለከትነው ነው» ብለህ በትሕትና ጻፍለት። የካሴቱን ሽፋን ስታገኝ ፊትና ጀርባውን አንሥተህ ላክልኝ፤ የምስክሮቹን ቃል ያስጻፍንበትን ቅጽ ስሞቹን ሰርዤ እልክልሃለሁ።