የልጆችን መጽሐፍ በምን እንመዝነው?

የዚህ እትም ጥያቄዎች በወሎ ከሚያስተምሩ የመጀመሪያ ደረጃ መምህራን የደረሱን ናቸው።

ጥያቄ፦ በተሁለደሬ ወረዳ የሁለተኛና የሦስተኛ ክፍል አማርኛ አስተምራለሁ። ለትምህርት ቤታችን በእርዳታ የመጡ የልጆች መጻሕፍት በካርቶን እንደታሸጉ ተቀምጠው ነበር፤ ርእሰ መምህሩ ለየክፍሉ የሚሆኑትን ለይቼ የንባብ ማዕዘን እንዳደራጅ አዘውኛል። ኮሌጅ ሳለሁ የልጆች ሥነ ጽሑፍ ብማርም በአእምሮዬ የቀረው ትርጓሜው እንጂ መጽሐፍ ይዞ መመዘኑ አይደለም። ሁሉም መጨረሻቸው ላይ ምክር ስላለ ሁሉም ጥሩ ይመስሉኛል። በምን ልለያቸው? (መምህርት፣ ከሐይቅ)

መልስ፦ ውድ መምህርት፣ ምክር መያዙ ብቻውን መጽሐፉን ጥሩ አያደርገውም፤ እኛ አገር የልጆች መጽሐፍ ሲጻፍም ሲገመገምም በብዛት የሚዘነጋው ይህ ይመስለኛል። ስለዚህ በመጀመሪያ ምክሩ ያለበትን የመጨረሻ ገጽ በእጅዎ ሸፍነው ታሪኩን ብቻ ያንብቡ። አንድ ነገር የሚፈልግ፣ የሚፈራ፣ የሚሳሳትና በራሱ የሚወስን ገጸ ባሕርይ ካገኙ በእጅዎ ያለው ሥነ ጽሑፍ ነው። ታዛዡ ልጅ ተሸለመ፣ እምቢተኛው ተቀጣ ከሚል በቀር የቀረ ነገር ከሌለ ግን መጽሐፉ ለሥነ ምግባር ትምህርት ይጠቅም እንደሆነ እንጂ ልጅን ወደ ንባብ አይስብም።

ቀጥሎ ለጆሮ የሚሆነውን ለዓይን ከሚሆነው ይለዩ። በ2002 ዓ.ም. በተለያዩ ክልሎች በተደረገው የመጀመሪያ ክፍሎች የንባብ ምዘና ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች 34 በመቶ ያህሉ ከቀረበላቸው ታሪክ አንድም ቃል ማንበብ አልቻሉም ነበር። እነዚያ ልጆች ግን ማንበብ አቃታቸው እንጂ ታሪክ መረዳት አላቃታቸውም፤ ቤታቸው ከዚያ የረዘመና የተወሳሰበ ተረት ሲሰሙ ያደጉ ናቸው። በዚህ ምክንያት አንድ መጽሐፍ መምህር ሲያነበው ለሁለተኛ ክፍል፣ ልጁ ራሱ ሲያነበው ደግሞ ለአራተኛ ክፍል ሊሆን ይችላል። በሽፋኑ ላይ የታተመውን የዕድሜ ክልል ብቻ ይዘው ቢደለድሉ የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው።

ለዓይን የሚሆነውን ሲመርጡ ደግሞ የአማርኛን ጠባይ ያስቡ። በዐረፍተ ነገር ውስጥ ያሉትን ቃላት መቁጠር ለእንግሊዝኛ መጽሐፍ ይሠራ ይሆናል፤ በአማርኛ ግን «አላስታወሰቻቸውም» የሚለው አንድ ቃል ብቻውን ዐሥር ፊደላት ያሉት ሙሉ ዐረፍተ ነገር ነው። ዲቃሎቹን (እንደ ሏና ቷ ያሉትን) ሳንቆጥር 33ቱን ፊደላት ከነሰባት ቅርጻቸው፣ ማለትም 231 ምልክቶችን፣ ገና እያጠና ላለ ልጅ የሚከብደው የዐረፍተ ነገሩ ርዝመት ሳይሆን የቃሉ ርዝመት ነው። ለጀማሪዎች በያዙት መጽሐፍ ውስጥ ባለ ሁለት፣ ባለ ሦስትና ባለ አራት ፊደል ቃላት እንደሚበዙና አዲስ ቃል በሚቀጥሉት ገጾች ተደጋግሞ እንደሚመጣ ይመልከቱ። ጠብቆና ላልቶ ሲነበብ ትርጉሙ የሚለወጥ ቃል ካለም ሥዕሉ ወይም ከእሱ በፊት ያለው ዐረፍተ ነገር ልጁን ሊመራው ይገባል፤ ፊደሉ ራሱ መጥበቁን አያሳየውምና።

ከዚያ ወደ ሥዕሉ ይሂዱ። ጥሩ ሥዕል ቃሉ ያልተናገረውን ይጨምራል፤ ልጁ ጽሑፉን ሸፍኖ ከሥዕሉ ብቻ አንድ ነገር መገመት ከቻለ ሥዕሉ ሥራውን ሠርቷል። ማን ምን ሲያደርግ እንደተሣለም ይታዘቡ። በመጽሐፉ ሁሉ ሴቶች ልጆች ውሃ ሲቀዱና ወለል ሲጠርጉ ወንዶቹ ደግሞ ሲጠይቁና መፍትሔ ሲያገኙ ከታዩ፣ ጽሑፉ ስለ እኩልነት ምንም ቢሰብክ ልጆቹ የሚይዙት ያዩትን ነው።

ሩዲን ሲምስ ቢሾፕ የተባሉ አሜሪካዊት ምሁር በ1990 እ.ኤ.አ. መጽሐፍ ለልጅ የሌላውን ዓለም የሚያይበት መስኮትም፣ ራሱን የሚያይበት መስታወትም እንዲሆን አሳስበው ነበር። ለእኛ ከሁለቱ የሚጎድለው መስታወቱ ነው። ካርቶኖቹን ሲከፍቱ በረዶ የሚዘንብባቸው የትርጉም መጻሕፍትና የአዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም ታሪኮች ይበዙ ይሆናል፤ እነሱን መጣል አያስፈልግም። ነገር ግን አሊና ጌታቸው በአንድ ዴስክ በሚቀመጡበት፣ የአንዱ ቤተሰብ ኢድንም ገናንም ከዘመድ ጋር በሚያከብርበት በወሎ፣ ከመደርደሪያው ቢያንስ የተወሰነው ክፍል የማሽላ ማሳውን፣ የባቲን የሰኞ ገበያና የሐይቁን ዳርቻ የሚያውቅ መሆን አለበት። የዚህ ዓይነት መጽሐፍ ካላገኙ ተማሪዎችዎ ራሳቸው ጽፈውና ሥለው በመርፌና ክር የሚሰፏቸው ጥራዞች ክፍተቱን ይሞላሉ።

የመጨረሻውን ፍርድ ልጆቹ ይስጡ። አንብበው ሲጨርሱ «ምን ተማራችሁ?» ብለው አይጠይቁ። ሉዊዝ ሮዘንብላት የተባሉ ምሁር መረጃ ለመያዝ የሚደረገውን ንባብ ታሪኩን ለማጣጣም ከሚደረገው ለይተው አሳይተዋል፤ ያ ጥያቄ ሁለተኛውን በአንድ ጊዜ ወደ መጀመሪያው ይለውጠዋል። ይልቁንም የገረማቸውን ቦታ፣ እነሱ ቢሆኑ ያደርጉት የነበረውን ይጠይቋቸው። ከ40 ደቂቃው ክፍለ ጊዜ ዐሥሩን ለነጻ ንባብ ቢተዉም ማንም ሳያዛቸው ደጋግመው የሚያነሡት የትኛውን እንደሆነ ያያሉ።

ጥያቄ፦ አያቶቻችን የነገሩን ተረቶች ጅብ አህያን ሲበላ፣ ጦጣም አታላ ስታሸንፍ የሚያሳዩ ናቸው። ሱፐርቫይዘራችን ጭካኔና ማታለል ያስተምራሉ ይላሉ። ልተዋቸው? (መምህር፣ ከኮምቦልቻ)

መልስ፦ አይተዉአቸው። «ተረት ተረት» ሲባል «የላም በረት» ብሎ የሚመልስ ልጅ ከዕለታዊው ዓለም ወደ ሌላ ዓለም እንደገባ ያውቃል፤ ጦጣ ስታታልልም የሚደሰተው ትንሹ ጉልበተኛውን ስለረታ ነው። እኔ የማስቀረው የሰውን አካል ጉዳት መሳቂያ የሚያደርገውን፣ ሸክላ ሠሪን ወይም ቀጥቃጭን በቡዳነት የሚያማውን፣ አንድን ሕዝብ ሞኝ አድርጎ የሚያቀርበውን ነው። በታተሙት የተረት ስብስቦች ላይ ግን ሌላ ቅሬታ አለኝ፦ ብዙዎቹ የአድማጩን ምላሽና ድግግሞሹን ቆርጠው ጥለው ታሪኩን ብቻ በአጭሩ ስለሚተርኩ ጮክ ብሎ ለማንበብ አይመቹም። እንዲህ ያለ መጽሐፍ ሲገጥምዎ የጎደለውን በቃልዎ እየመለሱ ያንብቡት።

ጥያቄ፦ በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጦርነቱ እኛ ጋ ከደረሰ ወዲህ ሞትና ስደት ያለበት ታሪክ ሳነብ የሚያለቅሱ ተማሪዎች አሉኝ። እንዲህ ያሉትን መጻሕፍት ላርቅ? (መምህርት፣ ከወልድያ)

መልስ፦ ሙሉ በሙሉ አያርቋቸው፤ ያዘነ ልጅ በመጽሐፍ ውስጥ ያዘነ ልጅ ማግኘቱ ብቻውን አለመሆኑን ይነግረዋል። ሆኖም አስቀድመው ለብቻዎ ያንብቡት፤ በታሪኩ ውስጥ ልጁን የሚይዝ አዋቂ ሰውና የሚወጣበት መንገድ ከሌለ ለክፍል አይምረጡት። ወሎን በ1966ቱና በ1977ቱ ረኀብ ብቻ የሚያነሡ መጻሕፍት ካሉዎትም የወሎ ልጆች ሲጫወቱና ሲቀልዱ ከሚያሳይ መጽሐፍ ጋር አጣምረው ያቅርቧቸው። ማንም የራሱን ታሪክ እንዲናገር አያስገድዱ፣ መውጣት የፈለገውም ይውጣ፤ ከዚያ ታሪክ ደግሞ የፈተና ጥያቄ አያውጡ።