ብረት ለምታነሱ ወጣቶች፦ ስለ መዝገብ አያያዝ

ውድ ወጣቶች፣

በፊዚዮቴራፒ ሙያ ረጅም ዓመታት የሠራሁ ሰው ነኝ። ብረት የሚያነሳ ወጣት ትከሻውን፣ ወገቡን ወይም ጉልበቱን አሞት ሲመጣ በቅድሚያ የምጠይቀው፣ ሕመሙ ከመጀመሩ በፊት በነበሩት ሳምንታት በየትኛው እንቅስቃሴ ስንት ኪሎ፣ ስንት ጊዜ ያነሳ እንደ ነበር ነው። አብዛኛውን ጊዜ የማገኘው መልስ «ያው እንደ ወትሮው» የሚል ነው፤ ወትሮው ምን እንደ ነበር ግን ባለቤቱም አያስታውሰውም። ስለዚህ ጂም የምትመላለሱ ሁሉ እድገታችሁን የምትከታተሉበትን መንገድ አስባችሁ እንድትመርጡ ይህን ደብዳቤ ጻፍሁላችሁ። ጥሩ መዝገብ የምለው በሚቀጥለው የልምምድ ቀን ምን መሥራት እንዳለባችሁ የሚነግራችሁን ነው፤ ይህን የማይነግራችሁ ከሆነ የቱንም ያህል ቢያምር ሌላ ፈልጉ።

ክብደትን ቀስ በቀስ እየጨመሩ መሥራት በሕክምናው ዓለም ሥር የሰደደው ከልኬት ጋር አብሮ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ አካባቢ ቶማስ ዴሎርም የተባለ የአሜሪካ ጦር ሐኪም ጉልበታቸው የተጎዳ ወታደሮችን በከባድ ክብደት እያሠራ ጥንካሬያቸው እንዲመለስ ያደርግ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1948 ከአርተር ዋትኪንስ ጋር ባሳተመው ጽሑፍ ያስቀመጠው ሥርዓት ቀላል ነው። በመጀመሪያ ታካሚው 10 ጊዜ ብቻ ሊያነሳው የሚችለው ክብደት ይለካል፤ ከዚያም የመጀመሪያውን ዙር፣ ማለትም ሳያርፍ በተከታታይ የሚያነሳውን 10 ጊዜ፣ በዚያ ክብደት ግማሽ፣ ሁለተኛውን በሦስት አራተኛው፣ ሦስተኛውን በሙሉው ይሠራል፤ ሰውየው ሲጠነክር መለኪያው ይታደሳል። ዛሬ በየጂሙ «ሦስት ዙር፣ አሥር አሥር» እየተባለ የሚታዘዘው ልምምድ ከዚህ ሥርዓት ጋር የተያያዘ ነው፤ ዙሩ ሲወረስ ግን መለኪያው ተዘንግቶ ቀረ።

ብዙዎቻችሁ እድገታችሁን የምትለኩት በመስታወትና በሚዛን እንደ ሆነ አውቃለሁ። ለጀማሪ ሁለቱም አይበጁም። የሰውነት ክብደት በምግብ፣ በጨውና በውሃ ምክንያት በአንድ ቀን ውስጥ እንኳ አንድ ሁለት ኪሎ ከፍ ዝቅ ሊል ይችላል። የስብና የጡንቻን መጠን በመቶኛ የሚያወጡት ሚዛኖችም አነስተኛ የኤሌክትሪክ ፍሰት በሰውነት ውስጥ አሳልፈው የሚገምቱ ስለ ሆኑ፣ ያው ሰው ውሃ ጠጥቶ ሲወጣባቸውና በላብ ተጠምቆ ሲወጣባቸው የተለያየ ቁጥር ያሳያሉ። መስታወቱ ደግሞ ይዘገያል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሚገኘው የጥንካሬ ጭማሪ በአብዛኛው የሚመጣው ነርቮች ያለውን ጡንቻ ይበልጥ አቀናጅተው ማሠራት ስለሚለምዱ እንጂ ጡንቻው ስለ ገዘፈ አይደለም። በመሆኑም በሁለተኛው ወር «ምንም ለውጥ አላየሁም» ብሎ ጂም የሚያቆም ወጣት በእርግጥ ከጀመረበት ቀን ይልቅ እጅግ ጠንክሮ ሊሆን ይችላል። የሚያሳየው ጽሑፍ ስለሌለው ብቻ ተስፋ ቆርጦ ሲቀር ማየት ከልብ ያሳዝነኛል።

በምን እንመዝግብ ለሚለው ጥያቄ የእኔ ምርጫ ደብተር ነው። ኪስ የሚገባ፣ ሽፋኑ ጠንከር ያለ ደብተርና እርሳስ ከማንኛውም የጽሕፈት መሣሪያ መደብር ይገኛል፤ በእስክሪብቶ የተጻፈ ላብ ሲነካው ሊደበዝዝ ስለሚችል እርሳስ ይሻላል። ደብተር መልእክት አይመጣበትም፣ ባትሪ አያልቅበትም፣ ቀኑንም በራሳችን አቆጣጠር ትጽፉበታላችሁ። ስልክ የምትመርጡ ከሆነ አልቃወምም፤ ስትሮንግ እና ሄቪን የመሳሰሉ መተግበሪያዎች ያለፈውን ቀን ቁጥር ከፊታችሁ ያስቀምጡላችኋል፣ የእረፍት ጊዜም ይቆጥራሉ። ሆኖም ኔትወርክ ዘግታችሁ መመዝገብ መቻላችሁን፣ የጻፋችሁትንም ሁሉ በፋይል አውጥታችሁ ማስቀመጥ መቻላችሁን አስቀድማችሁ አረጋግጡ። አለበለዚያ በሁለት ዙር መካከል የጀመራችሁት እረፍት በቲክቶክ ያልቃል፤ ስልክ ስትቀይሩም የዓመት ድካማችሁ አብሮ ሊጠፋ ይችላል። በኮምፒውተር የሚሠራ ሰንጠረዥ ለቤት እንጂ ለጂም አይመችም። አሰልጣኙ ጋ የሚቀመጥ ካርድም ቢሆን ቅጂው በእጃችሁ ከሌለ የእናንተ መዝገብ አይደለም።

በየትኛውም ብትጽፉ ዙሩ እንዳለቀ ጻፉ። ከሻወር በኋላ የሚጻፍ ቁጥር ብዙ ጊዜ ከእውነቱ ከፍ ይላል። የእንቅስቃሴውን ስም፣ ጠቅላላውን ኪሎ፣ በየዙሩ የተደገመውን ቁጥርና ዙሩን ስታቆሙ ስንት ጊዜ ተጨማሪ ማንሳት ትችሉ እንደ ነበር ጻፉ፤ ለመጀመሪያው ዓመት ይህ ይበቃል። ጠቅላላው ኪሎ ባሩንም፣ ማለትም ክብ ክብደቶቹ (ዲስኮቹ) የሚገቡበትን ዘንግ፣ ይጨምራል። የውድድር ደረጃ ያለው የወንዶች ባር 20 ኪሎ፣ የሴቶቹ 15 ኪሎ ነው፤ በጂማችሁ ያለው ከዚህ ሊቀል ስለሚችል አንድ ቀን በሚዛን መዝኑት። በፓውንድ የተሠራ ዲስክም አለና 45 የሚል ስታዩ 20 ኪሎ ከ400 ግራም ገደማ መሆኑን ልብ በሉ። የማሽን ቁጥር ደግሞ ከጂም ጂም አይነጻጸርም፤ ገመዱ የሚያልፍባቸው መዘውሮች አሠራር ስለሚለያይ አንዱ ጋ 50 የሚለው ሌላው ጋ እንደ 35 ሊቀል ይችላል። ስለዚህ የትኛው ማሽን እንደ ሆነና መቀመጫው በስንተኛው ቀዳዳ ላይ እንደ ነበር ጨምሩበት።

ባር ትከሻ ላይ አድርጎ ቁጭ ብድግ ከሚባልበት እንቅስቃሴ፣ ከስኳት፣ አንድ መስመር ላሳያችሁ፦ «ኅዳር 12። ስኳት፣ 60 ኪሎ፤ 8፣ 8፣ 6፤ በመጨረሻው 1 ይቀረኝ ነበር፤ እረፍት 2 ደቂቃ።» ይህን ያነበበ ወጣት በሚቀጥለው ቀን ምን እንደሚያደርግ ያውቃል። ኪሎውን ሳይነካ ሦስቱንም ዙር 8 ለማድረስ ይሞክራል፤ ሲደርስም በእያንዳንዱ ጎን 1.25 ኪሎ ጨምሮ ወደ 62.5 ይሻገራል። እረፍቱን ወደ 4 ደቂቃ አርዝሞ 8፣ 8፣ 8 ቢያገኝ ግን ጭማሪው ከጥንካሬ ሳይሆን ከእረፍቱ የመጣ ሊሆን እንደሚችል መስመሩ ራሱ ይነግረዋል። በዳምቤል (በአንድ እጅ በሚያዝ አጭር ክብደት) የምትሠሩ ደግሞ ከ5 ኪሎ ወደ 7.5 መሻገር የ50 በመቶ ጭማሪ መሆኑን አትርሱ፤ ስለዚህ ኪሎውን ከመቀየራችሁ በፊት ድግግሞሹን እስከ 15 ድረስ ማሳደጉ ይሻላል።

ሁለት የተለያዩ ቀኖችን ለማነጻጸር የሚረዳ ቀላል ስሌት አለ፤ በነብራስካ ዩኒቨርሲቲ አሰልጣኝ በነበረው በቦይድ ኤፕሊ ስም ይታወቃል። የድግግሞሹን ቁጥር ለ30 አካፍሉ፣ 1 ጨምሩበት፣ ውጤቱን በኪሎው አባዙት፤ አንድ ጊዜ ብቻ ልታነሱት የምትችሉትን ክብደት ይገምትላችኋል። 60 ኪሎ 10 ጊዜ ያነሳ ሰው ግምቱ 80 ኪሎ ነው፤ 65 ኪሎ 6 ጊዜ ያነሳ ግን 78። ጓደኞቹ ፊት ዲስክ ስለ ጨመረ አደግሁ ብሎ የሚያስብ ወጣት ምናልባት ባለበት እየረገጠ እንደ ሆነ የሚያውቀው በዚህ ነው። ስሌቱ ከ10 ድግግሞሽ በላይ አስተማማኝ አይደለም፤ እውነተኛውን ከፍተኛ ክብደት በየሳምንቱ ለመሞከርም ምክንያት አይሁናችሁ። ለጀማሪ እንዲህ ያለው ሙከራ ከጥቅሙ ጉዳቱ ያመዝናል።

ሕመምም በዚያው መስመር ይጻፍ። የት እንደ ሆነ፣ በየትኛው እንቅስቃሴ እንደ ተሰማችሁ፣ ከ10 ስንት እንደ ሆነ፣ በማግስቱ ጠዋት ለቅቆ ወይም አድሮ እንደ ሆነ በጥቂት ቃላት አስፍሩ። የጡንቻ መዛል ለአንድ ሁለት ቀን ቢቆይ የተለመደ ነው። መገጣጠሚያ ላይ የሚሰማና በተከታታይ የልምምድ ቀናት ከ3 ወደ 4፣ ከ4 ወደ 5 የሚያድግ ሕመም ግን የተለመደ አይደለም፤ ሕመም ወዳልነበረበት ክብደት ተመለሱ፣ ካልተሻለም ባለሙያ አማክሩ።

በመጨረሻ በእኛ አገር ሊረሳ የማይገባውን ላንሳ። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ ረመዳንም አንድ ወር ነው። በእነዚህ ጊዜያት የምግቡ ሰዓትና ዓይነት ስለሚለወጥ ቁጥራችሁ ቆሞ ሊከርም ወይም ሊወርድ ይችላል። በደብተሩ ላይ «ጾም» ብላችሁ ካልጻፋችሁ፣ ከወራት በኋላ ስትመለከቱት ልምምዱ የማይሠራ ይመስላችሁና ያለ ምክንያት ትቀይሩታላችሁ። በጾም ወቅት የምትሠሩበትን ሰዓትና ከመጨረሻው ምግብ ስንት ሰዓት እንዳለፈ ጻፉ፤ ግባችሁም ታነሱት የነበረውን ክብደት ይዞ መቆየት ይሁን፤ ዙሩን ከሦስት ወደ ሁለት መቀነስም ነውር የለበትም። በዓሉ ካለፈ በኋላ ከጾሙ በፊት የነበረውን ከፍተኛ ቁጥር ፍለጋ አትሩጡ፤ የመጨረሻውን የጾም ሳምንት መስመር አንብባችሁ ከዚያው ቁጥር ጀምሩ፣ በየሳምንቱም 2.5 ኪሎ ብቻ እየጨመራችሁ ተመለሱ።