ሐኪሙና መምህሩ ይነጋገሩ
እህቴ፣ «የ8 ዓመት ልጄን ኤዲኤችዲ (ትኩረት የማጣትና ከልክ በላይ የመቅበጥበጥ ችግር) ሳይኖርበት አይቀርም አሉኝ፤ ሐረር ውስጥ ሐኪም ጋ ልውሰደው ወይስ ከመምህሩ ጋር ልጨርስ?» ብለሻል። ሁለቱም ያስፈልጉሻል፣ ግን ይነጋገሩ። ይሄ ነገር በደም ምርመራ አይታወቅም። ምልክቱ ቢያንስ 6 ወር የቆየ፣ ቤትም ትምህርት ቤትም የሚታይ መሆን አለበት። ሐኪሙ ደግሞ ክፍል ገብቶ አያይም። መምህሩ ያየውን ይጻፍልሽ። «ረባሽ ነው» ብቻ አይበቃም፤ «ሒሳብ ጀምሮ ሦስተኛው ጥያቄ ላይ ይነሳል» ዓይነት ይሁን። ያንን ይዘሽ እዚያው ሐረር ሕይወት ፋና ሆስፒታል ሂጂ፣ የሥነ አእምሮ ባለሙያ ይየው። ጆሮው፣ ዓይኑና እንቅልፉም ይታይ፤ ይሄ ብዙ ጊዜ ይረሳል። መድኃኒት ከታዘዘ መምህሩ ይወቅ፤ ልጁ ቢፈዝ ወይም ምሳውን ቢተው ቶሎ የሚያየው እሱ ነው። የፊት ወንበር ላይ ማስቀመጥ ግን የሐኪም ወረቀት አይጠብቅም፣ ነገውኑ ጠይቂያቸው።