ባልየው «ሱቅ ነበርኩ» ብሎ ይግባኝ አለ

ጥያቄ፦ ታላቅ እህቴን ባሏ ደብድቦ ፊቷን አቆሰላት። የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ጥፋተኛ ነው ብሎ በእስራት ቀጣው። አሁን ይግባኝ ጠይቋል። «መርካቶ ሱቄ ነበርኩ፤ የአጎቴ ልጅና ሠራተኛዬ መስክረውልኛል» ይላል። እህቴ ለፖሊስ «2 ሰዓት» ብላ፣ ችሎት ላይ «2 ሰዓት ተኩል» ብላለች። ጎረቤታችንም በቺፑድ ግድግዳ በኩል ሰማች እንጂ አላየችም። እህቴ እንደገና ልትመሰክር ነው?
ሰ. ነኝ፣ ከተክለ ሃይማኖት

መልስ፦ ከመጨረሻው ልጀምር፤ እህትዎን እንቅልፍ የነሳት እሱ ይመስለኛል። ይግባኝ ክርክሩን ከሀ መጀመር አይደለም። ከፍተኛው ፍርድ ቤት በዋናነት የሚመረምረው የሥር ፍርድ ቤቱን መዝገብ ነው። የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕጉ በቁጥር 194 ተጨማሪ ማስረጃ እንዲሰማ ቢፈቅድም፣ ይህ ምክንያት ሲኖር ብቻ የሚደረግ ነው።

የይግባኝ ዳኞች እህትዎ ስትመሰክር ፊቷን አላዩም። በእጃቸው ያለው ወረቀት ነው። ስለዚህ የሥር ዳኛው የጻፈው ምክንያት ትልቅ ዋጋ አለው፤ ያው ሕግ በቁጥር 149 ዳኛው ማስረጃውን የተቀበለበትንም ያልተቀበለበትንም ምክንያት እንዲጽፍ ያዛል። የፍርዱን ግልባጭ አውጥታችሁ ያንን ገጽ ፈልጉ። የባልየው ምስክሮች «አላመንናቸውም» በሚል አንድ መስመር ብቻ ታልፈው ከሆነ እኔም እሰጋለሁ።

የአጎት ልጅ ዘመድ ስለሆነ ብቻ ቃሉ አይጣልም። እንዲያ ቢሆን ኖሮ እርስዎስ ለእህትዎ ቢመሰክሩ ቃልዎ ምን ይሆን ነበር? የሚመዘነው ባልየውን በትክክል በስንት ሰዓት፣ የት አየነው እንዳሉ ነው። ሠራተኛው «ሱቅ ስንዘጋ አብረን ነበርን» ካለ፣ ስንት ሰዓት ዘጉ? 1 ሰዓት ተኩል ከሆነ፣ ከመርካቶ ተክለ ሃይማኖት በእግርም ይደረሳል። ነገር ግን አንድ የማይጥማችሁን ልንገራችሁ፤ የሱቁ ታሪክ ውሸት ሆኖ ቢገኝም ብቻውን ጥፋተኛ አያሰኘውም። የማስረዳት ሸክሙ ከዐቃቤ ሕግ ትከሻ አይወርድም።

ስለ ግማሽ ሰዓቱ ብዙ አትጨነቁ። ሰዓት እያየ የሚደበደብ ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም። የሚያሰጋው ልዩነት መቺው ማን እንደሆነና ምን እንደተደረገ የሚነካው ነው። የሐኪም ማስረጃውም ቁስሉን እንጂ ያቆሰለውን እጅ አያሳይም።

ስለዚህ ጎረቤታችሁን አትናቋት። ሴትየዋ የባልየውን ድምፅ ለስንት ዓመት ስትሰማው ኖራለች? ምን ሲል ሰማችው? ከጩኸቱ በኋላ በሩን ከፍቶ ሲወጣ አይታዋለች? እነዚህ ተጠይቀው በመዝገቡ ላይ ከሰፈሩ፣ ገጹን አስምራችሁበት የመዝገብ ቁጥሩን ይዛችሁ ወደ ዐቃቤ ሕጉ ሂዱ። በይግባኙ መልስ ሰጪው እሱ ነው፤ እህትዎ አይደለችም።