ስለ ደም ሥር ጥበት ለጠየቅኸው

«የደም ሥር ሬዲየስ በግማሽ ሲቀንስ ተቃውሞው አራት እጥፍ መሆን ሲገባው ለምን 16 እጥፍ ይሆናል? ከሁሉ የሚጠቡት ካፒላሪዎች ሆነው ሳለስ ትልቁ ተቃውሞ ለምን አርቴሪዮሎች ላይ ነው?» ብለሃል። (ሬዲየስ ከቱቦው መካከል እስከ ግድግዳው ያለው ርቀት ነው፤ ተቃውሞ ሥሩ የደሙን ፍሰት የሚገታበት መጠን ነው፤ ካፒላሪ ከሁሉ የቀጠነው የደም ሥር፣ አርቴሪዮል ደግሞ ደም ወደ ካፒላሪ የሚያደርሰው ትንሽ ሥር ነው።) ኮምቦልቻ ነርሲንግ እንደምትማር ስለጻፍህ ከቀመሩ በፊት አንድ ስህተቴን ልንገርህ።

ደሴ ድንገተኛ ክፍል በገባሁበት ዓመት፣ የሐረጎን ቁልቁለት ሲወርድ ከተገለበጠ መኪና አንድ ሰው አመጡልን። ብዙ ደም ፈሶታል። ደም ሥሩ ተሸሽጎ ስላስቸገረኝ እጁ ጀርባ ላይ ሰማያዊ ካኑላ (ደም ሥር ውስጥ የሚገባ ትንሽ ቱቦ፤ ቀለሙ ስፋቱን ይነግራል፣ ሰማያዊው ቀጭን ነው) አስገብቼ ሳላይን፣ ማለትም የጨው ውሃ፣ ሰቀልሁ፤ መቆጣጠሪያውንም እስከ መጨረሻው ከፈትሁ። ጠብታው ግን አልፈጥን አለኝ። ከረጢቱን በሁለት እጄ ስጨምቅ ያየችኝ አንጋፋ ነርስ «ልጄ፣ በጉልበት አይሆንም፤ ቀዳዳውን አስፋው» ብላ ክርኑ መታጠፊያ ላይ ሰፊውን ግራጫ ካኑላ በአንድ ሙከራ አስገባችው። ሰውየው ተረፈ።

ትክክል ነበረች። ግፊቱን እጥፍ ብታደርገው ፍሰቱ እጥፍ ብቻ ይሆናል፤ ሬዲየሱን እጥፍ ብታደርገው ግን በቀመሩ 16 እጥፍ ነው።

አንተ አራት ያልኸው የቱቦውን አፍ ብቻ ቆጥረህ ነው። ሬዲየስ በግማሽ ሲያንስ የአፉ ስፋት ሩብ ይሆናል፤ እስከዚህ ልክ ነህ። የረሳኸው ፍጥነቱን ነው። የቦርከና ወንዝ ሲሞላ ልብ ብለህ እየው፤ ዳር ዳሩ እየተጎተተ ይሄዳል፣ መካከሉ ይጋልባል። ደምም እንደዚያው ነው። ግድግዳውን የነካው ንጣፍ የቆመ ያህል ነው፤ ቀጣዩን ይይዘዋል፣ ያም ቀጣዩን። ቱቦው ሲጠብ መካከሉም ከግድግዳው መራቅ ያቅተውና በዚያው ግፊት አማካይ ፍጥነቱ ራሱ ወደ ሩብ ይወርዳል። የሩብ ሩብ አንድ አሥራ ስድስተኛ ነው። ፈረንሳዊው ሐኪም ፕዋዜይ በአውሮፓውያን 1830ዎቹና 1840ዎቹ በቀጫጭን የመስታወት ቱቦዎች ለክቶ ያገኘው ይህንኑ ነው።

ካኑላ ላይ ግን 16 እጥፍ አትጠብቅ። የግራጫው የውጭ ስፋት ከሰማያዊው እጥፍ ሊሆን ምንም አይቀረው፤ ማሸጊያው ላይ የሚጻፈው ፍሰት ግን ለሰማያዊው በደቂቃ 36 ሚሊ ሊትር ገደማ፣ ለግራጫው 180 ገደማ ነው፤ አምስት እጥፍ መሆኑ ነው። ግራጫው ይረዝማል፤ ፈጥኖ የሚያልፍ ፈሳሽም ይናወጣል፣ የፕዋዜይ ሕግ ደግሞ የሚሠራው ለረጋ ፍሰት ነው።

ወደ ሁለተኛው ጥያቄህ ልምጣ። ሰኞ ገበያ ሲበተን ሕዝቡ በአንድ ቅያስ ቢወጣ ይጨናነቃል፤ ሺህ ጠባብ ቅያስ ቢኖር ግን ማንም አይቆምም። አንዷ ካፒላሪ ብቻዋን ከባድ ተቃውሞ አላት፤ ነገር ግን ጎን ለጎን የተዘረጉት በቢሊዮን ስለሚቆጠሩ ድምራቸው ይቀላል። አርቴሪዮሎች ቁጥራቸው ከእነርሱ እጅግ ያንሳል። ስለዚህ በ85 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ገደማ የገባባቸው ግፊት ሲወጣ ከ30 እስከ 35 ወዳለው ይወርዳል። ደግሞም ጡንቻ አላቸው። ሬዲየሳቸው 16 በመቶ ብቻ ቢጠብ፣ ግፊቱ ሳይለወጥ፣ ፍሰቱ በግማሽ ይቀንሳል፤ ሰውነት ደምን ከአንዱ አካል ወደ ሌላው የሚያዞረው በዚህች ትንሽ መጥበብና መስፋት ነው። የደም መወፈርና የሥሩ ርዝመትም ተቃውሞን ይጨምራሉ፤ ግን እጥፍ ሲሆኑ እጥፍ ብቻ ነው።

ለልምምድ ደሴ ስትመጣ በጠዋቱ ብርድ ደም መልሱ (ካኑላው የሚገባበት ሥር) ተኮማትሮ ቢጠፋብህና ሕመምተኛው የማይጣደፍ ከሆነ፣ ክንዱን በሞቀ ፎጣ ሸፍነህ ጥቂት ደቂቃ ጠብቅ።