ከታዳጊ ቡድን ወደ ዋናው፦ በሩ መቼ ነው የሚከፈተው?

ሰላም ወንድሜ። ጥያቄህን አየሁት። ከ19 ዓመት በታች ቡድን ውስጥ ጎል ሲያዘንብ የነበረው የክለብህ 9 ቁጥር (የመሀል አጥቂ) ዋናው ቡድን ልምምድ ላይ ብቅ ብሎ ለምን እንደጠፋ ነው የጠየቅከው። «አሰልጣኙ ወጣት አያምንም ወይስ ልጁ አልበቃም?» ብለሃል። ታዳጊዎችን በማሰልጠን ብዙ ዓመት ስለቆየሁ ያየሁትን ላካፍልህ። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሰኝ። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

እኔ ባየሁት አብዛኛውን ጊዜ መልሱ ከሁለቱም ውጭ ነው። ልጅ ወደ ላይ የሚወጣው ክፍተት ሲገኝ ነው። ያውም ክፍተቱ በእሱ ቦታ፣ እሱ በተዘጋጀበት ሳምንት መገኘት አለበት።

ራሽፎርድን አስታውስ። በ2016 ማንቸስተር ዩናይትድ በዩሮፓ ሊግ ከሚድትዩላንድ ጋር ሊጫወት ሲል አጥቂው ማርሻል ማሟሟቂያ ላይ ተጎዳ። የ18 ዓመቱ ራሽፎርድ በእሱ ቦታ ገባና 2 ጎል አገባ። ከ3 ቀን በኋላ አርሰናል ላይ 2 ደገመ። በዚያ ሳምንት ልጁ በአንድ ጊዜ አልተለወጠም፤ ከፊቱ የነበረው ሰው ነው የጎደለው።

ሳካም ቢሆን በክንፍ ያደገ ልጅ ነው። በ2019/20 ግን አርሰናል ቲርኒንና ኮላሺናችን በጉዳት ሲያጣ በግራ ተከላካይነት ተሰለፈ። «ቦታዬ አይደለም» ቢል ኖሮ ወንበር ላይ ነበር የሚቀመጠው። አሌክሳንደር-አርኖልድ ደግሞ ሊቨርፑል ውስጥ በታዳጊነቱ አማካይ ነበር። ወደ ቀኝ ተከላካይ የወሰዱት ወደ ዋናው ቡድን የሚያስገባው መንገድ እዚያ ስለታያቸው ነው። በ2018 ገና በ19 ዓመቱ የሻምፒዮንስ ሊግ ፍጻሜ ላይ በቋሚነት ተሰለፈ።

አንዳንዴ ክፍተቱን የሚፈጥረው ጉዳት ሳይሆን ቅጣት ነው። ቼልሲ በ2019 ተጫዋች እንዳይገዛ ታገደ፣ ሃዛርድም ወደ ሪያል ማድሪድ ሄደ። አሰልጣኙ ላምፓርድ እጁ ላይ ያሉትን ወጣቶች፣ ማውንትን፣ አብርሃምን፣ ቶሞሪንና ሪስ ጄምስን አሰለፈ። እገዳው ባይኖር ስንቶቹ ይሰለፉ ነበር? እኔ ብዙ አልጠብቅም ነበር።

አሁን ወደ ልምምድ ሜዳው ልውሰድህ፤ አንተ ከስታዲየም የማታየው እሱን ነው። የዋናው ቡድን ተጫዋቾች ለብሔራዊ ቡድን ሲሄዱ ቁጥር ይጎድላል። 11 ለ11 ለመጫወት ከታች ሁለት ሦስት ልጅ ይጠራል። ብዙ ልጅ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚወጣው እንዲህ ነው፤ ለቁጥር ማሟያ።

አንድ ያሰለጠንኩት አማካይ ነበር። ታች ሳለ ኳስ ይቀበላል፣ ያበርዳል፣ ቀና ብሎ ያያል፣ ከዚያ ያቀብላል። ማንም አይደርስበትም ነበር። ላይ የወጣ ቀን ግን የመጀመሪያዋን ኳስ ሳያበርድ አንድ አንጋፋ ተጫዋች ትከሻውን አስገብቶ ወሰደበት። ሁለተኛዋም እንደዚያው ሆነች። ከዚያ በኋላ ማቀበሉን ተዉት። የሰደበው የለም፣ የተቆጣም የለም። ነጻ ሆኖ እጁን ሲያወጣ እያዩት ኳሷን ወደ ሌላ ሰው ያዞሯታል። ለወጣት ተጫዋች ከዚህ የከፋ ነገር አላውቅም።

ከእሱ ጋር የተጠራ የቀኝ ተከላካይ ነበር። ታች ሳለ እዚህ ግባ የማይባል ልጅ ነው፤ ወላጆች እንኳ ስሙን በደንብ አይዙትም ነበር። ግን ኳስ ሳትደርሰው በፊት ዞር ዞር ብሎ ያያል። ስትደርሰው በአንድ ንክኪ ለቅርቡ ሰው ይሰጥና ይሮጣል። ልምምዱ ሲያልቅ የዋናው ቡድን አሰልጣኝ ስለ እሱ ነው የጠየቀኝ። በቀጣዩ ሳምንት የሄዱት ሲመለሱ አማካዩ ወረደ፣ ተከላካዩ ቀረ።

ስለዚህ የታዳጊ ጎል ቁጥር ብዙ አያታልልህ። በዚያ ዕድሜ ቶሎ የጎረመሰ ልጅ በጉልበትና በሩጫ ብቻ ጎል ያገባል። 20 ዓመት ሲሞላው ሌሎቹ ይደርሱበታል። በተቃራኒው የፈረንሳዩ አጥቂ ግሪዝማን አጭር ነው ተብሎ የአገሩ ክለቦች መልሰውት ነው በስፔኑ ሪያል ሶሴዳድ ያደገው።

ስለ አሰልጣኝ እምነት ያልከው ግን ከፊሉ እውነት አለው። አሰልጣኝ የሚያምነው የሚያውቀውን ነው። ጋርዲዮላ በ2008 የባርሴሎናን ዋና ቡድን ሲረከብ ቡስኬትስንና ፔድሮን ይዞ ወጣ፤ ከዚያ በፊት በሁለተኛው ቡድን አሰልጥኗቸዋል። ከውጭ የመጣና አምስት ጨዋታ ቢሸነፍ የሚባረር አሰልጣኝ ግን የማያውቀውን የ18 ዓመት ልጅ ይዞ አይሞክርም። እኔም በእሱ ቦታ ብሆን የምሞክር አይመስለኝም።

«ደንቡስ ወጣት እንዲሰለፍ አያስገድድም ወይ?» ለምትሉ ሌሎቻችሁ፦ በአውሮፓ ውድድሮች ከሚመዘገቡት 25 ተጫዋቾች 8ቱ በአገሩ ክለቦች ያደጉ መሆን አለባቸው፣ ከእነሱም ቢያንስ 4ቱ ክለቡ ራሱ ያሳደጋቸው። ካልሞላ ዝርዝሩ ያጥራል። ግን ደንቡ ስም ያስመዘግባል እንጂ አያሰልፍም። እንዲያውም በሂሳብ መዝገብ ላይ ክለቡ ያሳደገው ልጅ ሲሸጥ ገንዘቡ ከሞላ ጎደል ሙሉ በሙሉ ትርፍ ሆኖ ይመዘገባል። ቼልሲ ማውንትንና ጋላገርን ሲሸጥ ይህ ጥቅም ነበረው። አንዳንድ ክለብ ውስጥ ታዳጊ የሚያድገው ለሽያጭ ነው፣ እውነቱን እንነጋገር።

አሁን ወደ አንተ 9 ቁጥር ልመለስ። ከግብ ጠባቂ ቀጥሎ የሚከብደው የእሱ ቦታ ነው። ክለብ ገንዘብ ሲያገኝ መጀመሪያ የሚገዛው አጥቂ ነው፣ ቦታውም አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነው። በክንፍ መጫወት ከቻለ ዕድሉ በእጥፍ ይሰፋል። ልምምድ ላይ ታይቶ ወደ ታች መመለሱም ብቻውን ምንም ማለት አይደለም፤ ለቁጥር ተጠርቶ ሊሆን ይችላል።

በውሰት፣ ማለትም ለጊዜው ወደ ሌላ ክለብ ይሂድ የምትሉ አላችሁ። ኬን በውሰት አራት ክለብ ዞሮ ነው ቶተንሃም ውስጥ ቦታ ያገኘው። ፎደን ደግሞ አንድም ጊዜ ሳይወጣ ማንቸስተር ሲቲ ውስጥ ቆይቶ አደገ። እኔ የምመክረው የሚወስደው ክለብ በ9 ቁጥር ቦታ የሚያሰልፈው ከሆነ ብቻ እንዲሄድ ነው። ተቀያሪ ወንበር ላይ ሊቀመጥ ከሆነ እዚሁ ከሁለተኛው ቡድን ጋር በየሳምንቱ ቢጫወት ይሻለዋል።

ክለቡ በሚቀጥለው የዝውውር መስኮት ሌላ አጥቂ ይገዛ እንደሆነ ተከታተል። ከገዛ ልጁ የሚሄድበትን ቢፈልግ አይፈረድበትም። ካልገዛና በጥሎ ማለፍ ጨዋታ ተቀያሪ ወንበር ላይ ካየኸው ገና አልጠፋም።