ሐኪምዎን ይጠይቁ፦ ወረርሽኝ ባለበት ሰሞን ኳሱ ይቀጥል ወይስ ይቁም?

ጥያቄ፦ የምኖረው ቂርቆስ አካባቢ ነው። የ16 ዓመት ልጄ ከሰፈራችን ቡድን ጋር የክረምት ውድድር ይጫወታል። ሰሞኑን በሰፈሩ ትኩሳት፣ ሳልና ቁርጥማት ያለበት ጉንፋን ገብቶ ከቡድኑ ልጆች ግማሽ ያህሉ ታመዋል። የእኔም ልጅ ታሞ ነበር፤ ዳማከሴ አጠጣሁት፣ ቤት ውስጥ የተረፈ አሞክሲሲሊንም ሰጠሁት። አሠልጣኛቸው «ሩጡ፣ ላብ ሲወጣችሁ ይለቃችኋል» እያለ ያጫውታቸዋል። እሑድ ዕለት ከእረፍት በኋላ ልጄ ደረቴን ወጋኝ ብሎ ትንሽ ተቀምጦ ተመልሶ ገባ። አሁን ግማሽ ፍጻሜ ደርሰዋል። ስኳርና ደም ግፊት ያለባት እናቴ አብራን ትኖራለች። በእንዲህ ያለ ጊዜ ውድድር መቀጠል አለበት ወይ? መንግሥትስ ለምን አያስቆመውም?
እናት፣ ከቂርቆስ

መልስ፦ የተከበሩ እናት፣ ውድድሩን መንግሥት እንዲያስቆመው የተመኙት፣ «አትጫወትም» የሚለው ቃል ከእርስዎ አፍ እንዳይወጣ ፈልገው ይመስለኛል። ግማሽ ፍጻሜ የደረሰን ልጅ ከሜዳ ማስቀረት ለስንት ቀን እንደሚያስኮርፍ የማያውቅ ወላጅ የለም። ኩርፊያውን ወደ እኔ ያዙሩት፤ ሐኪሙ ከለከለ ይበሉት። ልጅዎ ሐኪም ሳያየውና ልቡ ሳይመረመር ሜዳ አይገባም፤ ልምምድም አይሠራም። ደብዳቤዎ እንደደረሰን ይህንኑ በስልክ መልእክት ልከንልዎታል፤ እዚህ በሰፊው የምጽፈው ተመሳሳይ ጉዳይ ላለባቸው ወላጆች ጭምር ነው። ወደ ውድድሩ እመለስበታለሁ፤ ከዚያ በፊት ግን በአንድ ዐረፍተ ነገር ያለፉትን የደረት ውጋት ማንሳት አለብኝ።

ጉንፋን የሚያመጡ ቫይረሶች፣ በተለይም የኢንፍሉዌንዛና የኮቪድ ቫይረሶች፣ አልፎ አልፎ የልብን ጡንቻ ያስቆጣሉ። በሕክምናው ማዮካርዳይተስ እንለዋለን። የተቆጣ የልብ ጡንቻ ዕረፍት ካገኘ አብዛኛውን ጊዜ ያገግማል፤ በዚያ ሁኔታ ላይ እያለ በሙሉ ኃይሉ እንዲመታ ከተገደደ ግን ምቱ ሊዛባና ወጣቱ ሜዳ ላይ ሊወድቅ ይችላል። እንዳይደናገጡ፣ ይህ በየቀኑ የሚያጋጥም ነገር አይደለም። በልጅዎ ዕድሜ የሚሰማ የደረት ሕመም በአብዛኛው የሚመነጨው ከደረት ጡንቻና ከጎድን አጥንት መጋጠሚያዎች ነው፤ ለቀናት ሲያስል የሰነበተ ልጅ ጎኑን ቢወጋው የሚገርም አይደለም፤ የልጅዎም ሕመም ይኸው የመሆኑ ዕድል ሰፊ ነው። ሆኖም ሁለቱን ቤት ውስጥ በመዳሰስ መለየት አይቻልም፤ እኔም ደብዳቤ በማንበብ ልለያቸው አልችልም።

ስለዚህ ልጅዎን አሠልጣኙም ጓደኞቹም በሌሉበት ቁጭ አድርገው ይጠይቁት፤ የዚህ ዕድሜ ልጅ በቡድን አጋሮቹ ፊት አሞኛል ብሎ አይናገርምና። ውጋቱ የመጣበት ሳያስል፣ እየሮጠ ሳለ ነበር? ድሮ ሳይደክመው የሚወጣውን ደረጃ አሁን ሲወጣ ትንፋሽ ያጥረዋል? ቁጭ ብሎ እያለም ልቡ ይደልቅበታል፣ ወይስ ምት የዘለለ ይመስለዋል? ጋደም ሲል ብሶበት ወደ ፊት ጎንበስ ብሎ ሲቀመጥ ይቀልለዋል? ዓይኑ ጨልሞበት ያውቃል? ከእነዚህ ለአንዱ እንኳ አዎ ካለ ቀጠሮ አይጠብቁ፤ በዚያው ዕለት ድንገተኛ ክፍል ወዳለው ሆስፒታል ይውሰዱት። በሩጫ መካከል ራሱን ስቶ የወደቀ ልጅ ሲያጋጥም ደግሞ «ፀሐይ ነው»፣ «ቁርስ ስላልበላ ነው» የሚለውን ማብራሪያ በጭራሽ አይቀበሉ። እየሮጠ ሳለ ራሱን የሳተ ወጣት ደህና መሆኑ በምርመራ እስኪረጋገጥ ድረስ የልብ ሕመምተኛ ተደርጎ ነው የሚታየው። ክብሪት ማሽተትና ፊት ላይ ውሃ መርጨት ጊዜ ማባከን ነው። አንድ ሰው 907 ደውሎ የቀይ መስቀል አምቡላንስ ይጥራ፤ ልጁ የማይነቃና በአግባቡ የማይተነፍስ ከሆነ ሌላው ሰው ወዲያውኑ የደረቱን መሃል በሁለት እጁ በኃይልና በፍጥነት ደጋግሞ ይጫን፣ እርዳታ እስኪደርስም አያቁም።

ምርመራው ከባድ አይደለም። ኢ.ሲ.ጂ የሚባለው የልብ ምት መመዝገቢያ ጥቂት ደቂቃ ብቻ ይወስዳል፣ ሕመምም የለውም፤ ሐኪሙ ከጠረጠረ ትሮፖኒን የተባለ የደም ምርመራና የልብ አልትራሳውንድ ይጨምራል። ሁሉም ደህና ከሆነ ልጁ ቀስ በቀስ ወደ ልምምዱ ይመለሳል። የልብ ጡንቻው ተቆጥቶ ከተገኘ ግን ከ3 እስከ 6 ወር ከውድድር መራቅ ግዴታው ነው፤ ለ16 ዓመት ልጅ ረጅም ጊዜ መሆኑን አልክድም።

የደረት ውጋቱ የመጣው እሑድ ሆኖ ደብዳቤዎ የተጻፈው ሐሙስ መሆኑን ሳይ ግን፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ትዕግሥቴ አልቋል። ጤና ጣቢያ እያለ በእነዚያ ቀናት ውስጥ ልጁ ወደ ዳማከሴና ወደ መሳቢያ ውስጥ መድኃኒት እንጂ ወደ ሐኪም አልሄደም።

አሁን ወደ ላቡ ልምጣ። «ላብ ሲወጣ ይለቃል» የሚለውን አባባል አሠልጣኞች ይሉታል፣ ጂም የሚሠሩ ወጣቶች ይሉታል፣ በሽተኛ ላይ ብርድ ልብስ የሚደራርቡ አያቶችም ይሉታል። ከየት እንደመጣ ይገባኛል። ትኩሳት ሲወርድ ሰውነት ያልባል፤ ሰውም ላቡንና መሻሉን አንድ ላይ ያይና ያዳነው ላቡ ነው ብሎ ይደመድማል። የሆነው ግን ተገላቢጦሹ ነው፤ ትኩሳቱ መውረድ ስለጀመረ ነው ያላበው። ቫይረሱ የሚራባው በአፍንጫ፣ በጉሮሮና በሳንባ ሕዋሳት ውስጥ ስለሆነ በላብ ቀዳዳ የሚወጣበት መንገድ የለም። በላብ የሚወጣው ውሃና ጨው ነው፤ ትኩሳት ያለበት ሰው ደግሞ ሁለቱንም አጥብቆ ይፈልጋቸዋል። ከዚህ በላይ ትኩሳት ብቻውን የልብን ምት ያፈጥናል፤ የሰውነት ሙቀት በአንድ ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ልብ በደቂቃ በግምት 10 ያህል ምት ይጨምራል። በዚህ ላይ ሩጫ ሲታከል፣ ያውም ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ባለች ከተማ ውስጥ፣ ነገሩ ራዲያተሩ የፈላበትን ሚኒባስ ጋዝ ረግጦ የእንጦጦን ዳገት እንደማስወጣት ነው። «ጉንፋን እኮ ነው» ለሚሉኝ ደግሞ የማስታውሳቸው ነገር አለ፤ በኅዳር 1911 አዲስ አበባን የመታው፣ ዛሬም በየዓመቱ ኅዳር 12 ቆሻሻ እያጠንን የምናስበው የኅዳር በሽታ ኢንፍሉዌንዛ ነበር፤ በመላው ዓለምም ብዙ ጉልበታም ወጣቶችን ገድሏል። የዛሬው ጉንፋን ያን ያህል አይደለም፤ ወጣትነት ብቻውን መከላከያ እንዳልሆነ ለማሳየት ያህል ነው ያነሣሁት።

ከላቡ የሚብሰው ፓራሲታሞል ውጦ መግባት ነው። ልጆቹ ከጨዋታ በፊት ሁለት ፍሬ ይውጣሉ፤ አንዳንዶቹ ከፋርማሲ ዲክሎፌናክ ይጨምሩበታል። ትኩሳቱ ይበርድና ድነናል ብለው ማሊያቸውን ያጠልቃሉ። መድኃኒቱ ግን ትኩሳቱን ደበቀው እንጂ ሕመሙን አላባረረም፤ ልጁ ቁም የሚለውን ምልክት አጥቶ ዘጠና ደቂቃ ይሮጣል፣ ዙሪያውን ያሉትንም ያስይዛል። መለኪያው ቀላል ነው፦ ምንም ማስታገሻ ሳይወስድ 24 ሰዓት ሙሉ ትኩሳት ያላየው፣ በደረቱ በኩል ምንም የማይሰማውና የሰውነት ቁርጥማቱ የለቀቀው ልጅ በቀላል እንቅስቃሴ ሊጀምር ይችላል። አፍንጫው ብቻ የሚያፈስ፣ ትኩሳት የሌለበት ልጅ ለብቻው ሶምሶማ ቢሮጥ አልከለክለውም።

ስለ አሞክሲሲሊኑ ባጭሩ። አሞክሲሲሊን ባክቴሪያን እንጂ ቫይረስን አይነካም፤ ለጉንፋን ምንም አይሠራም። ቤት ውስጥ «የተረፈ» መኖሩም ራሱ ባለፈው የታዘዘለት ሰው ሳይጨርስ ማቋረጡን ይናገራል። ሳል ሳይኖር ጉሮሮው ብቻ ክፉኛ አሞት ትኩሳት ቢይዘው ኖሮ በባክቴሪያ የመጣ ቶንሲል ሊሆን ይችል ነበር፤ እርሱ ባግባቡ ባለመታከሙ በአገራችን ብዙ ወጣቶች ለሩማቲክ የልብ ሕመም ተዳርገዋል፤ ያን ጊዜም የሚያስፈልገው ሐኪም ያዘዘው ሙሉ ሕክምና ነው። ዳማከሴው እንኳ አላስቆጣኝም፤ ሐኪም ዘንድ መሄድን እስካላዘገየ ድረስ እናት ለልጇ ብታጠጣው ምን ይላል።

ውድድሩ ይቀጥል ወይ ላሉት፣ መልሱ እንደ በሽታው መተላለፊያ መንገድ ይለያያል። ኮሌራ ከሆነ የሚያሰጋው ኳሱ ሳይሆን ሜዳው ዳር የሚጠጣው ውሃና የሚበላው ምግብ ነው። ኩፍኝ ከሆነ፣ በሽተኛው ክፍሉን ለቅቆ ከወጣ በኋላ እንኳ ቫይረሱ አየር ላይ እስከ 2 ሰዓት ሊቆይ ስለሚችል፣ ያልተከተቡ ልጆችን መሰብሰብ አይገባም። የ2015ቱን የአፍሪካ ዋንጫ ለማስተናገድ የተመረጠችው ሞሮኮ በኢቦላ ስጋት ይራዘም ብላ ስትጠይቅ ውድድሩ ወደ ኢኳቶሪያል ጊኒ ተዛውሮ ተካሂዷል፤ ኢቦላ ምልክት ከታየበት ሰው የሰውነት ፈሳሽ ጋር በመነካካት የሚተላለፍ በመሆኑ ተመልካችን በመቆጣጠር ውድድሩን ማካሄድ ይቻል ነበር። በመጋቢት 2012 ግን የመጀመሪያው የኮቪድ ታማሚ በአገራችን በተገኘ በቀናት ውስጥ ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ ስፖርታዊ ውድድሮችም ቆሙ፤ የዚያ ዓመት ፕሪሚየር ሊግም ያለ ሻምፒዮን ተሰረዘ። አዲስ በሽታ ነበር፣ ክትባትም አልነበረውም፤ እኔ እንደ ሐኪም ያንን ውሳኔ ትክክል ነበር እላለሁ። ከዚያ ጥቂት ሳምንታት ቀደም ብሎ በየካቲት ወር የጣሊያኑ አታላንታና የስፔኑ ቫሌንሺያ ቡድኖች ሚላን ላይ ሲጫወቱ ከ40 ሺህ በላይ ሰው ስታዲየም ገብቶ ነበር። የአብዛኛው ተመልካች አገር የሆነችው ቤርጋሞ ብዙም ሳትቆይ የጣሊያን ወረርሽኝ እምብርት ሆነች፤ ያ ምሽት ለስርጭቱ ድርሻ እንደነበረው የሚያምኑ የአካባቢው ሐኪሞች ብዙ ናቸው። የጀርመኑ ቡንደስሊጋ በግንቦት ሲመለስ ስታዲየሞቹ ባዶ ነበሩ፤ ሜዳ ላይ ካሉት 22 ተጫዋቾች ይልቅ በአውቶቡስ ተጠቅጥቆ የሚመጣው፣ ጎል ሲገባ የሚተቃቀፈው ሕዝብ ነበር የተፈራው።

የእርስዎ ሰፈር ጉንፋንም በዚሁ ዓይን ይታይ። ጤነኛ ልጆች አየር በሚነፍስበት ሜዳ ላይ ቢጫወቱ ብዙም አያሳስበኝም። የሚያሳስበኝ በእረፍት ሰዓት አንዲት ሃይላንድ ውሃ አሥር አፍ እየዞረች መጠጣቷ፣ ላብ ያረጠባትን ማሊያ ቅያሪው ሲለብሳት ማየቴና ከጨዋታው በኋላ ሁሉም በአንድ ታክሲ ተደራርበው መሄዳቸው ነው። ከሁሉ በላይ ግን ዲኤስቲቪ ቤቱን እፈራለሁ። መስኮቱ ብርሃን ስክሪኑ ላይ እንዳይወድቅ በመጋረጃ ተዘግቷል፣ አግዳሚው ላይ ትከሻ ለትከሻ ተቀምጠዋል፣ የቀሩት ከበር እስከ ግድግዳ ቆመዋል፣ አርሰናል በሳተ ቁጥር ሁሉም በአንድ ድምፅ ይጮኻሉ። ጩኸት ከተራ ንግግር ይልቅ ብዙ ጠብታ ይረጫል፤ አየሩም የሚወጣበት የለም። ልጅዎን ከሜዳ አስቀርተው ቅዳሜ ማታ እዚያ ከላኩት ድካምዎ ከንቱ ነው።

እናትዎን በተመለከተ ስጋትዎ ልክ ነው፤ ስኳርና ደም ግፊት ያለባቸው አረጋውያን በኢንፍሉዌንዛ ክፉኛ ሊጎዱ ይችላሉ። በሽታው ምልክት ከመታየቱ አንድ ቀን ቀድሞ ጀምሮ ከዚያ በኋላ እስከ ሳምንት ገደማ ይተላለፋል። ልጁ በዚህ ጊዜ አያቱን አይሳም፣ ከእርሳቸው ጋር በአንድ መሶብ አይብላ፣ የሚቻል ከሆነም ሌላ ክፍል ይተኛ፤ የማይቻል ከሆነ መስኮቱ ይከፈት፣ ብርድ ይገባል የሚለውን ስጋት በጋቢ ይቋቋሙት። እርሳቸው የዘወትር መድኃኒታቸውን እንዳያቋርጡ። ከፋርማሲ የሚገዛ የአፍንጫ መክፈቻ ያለበት የጉንፋን ክኒንም ግፊታቸውን ከፍ ሊያደርገው ስለሚችል ሳያማክሩ እንዳይወስዱ። ትኩሳት ከያዛቸው፣ ትንፋሽ ካጠራቸው ወይም ንግግራቸው ከተምታታ በዚያው ቀን ይመርመሩ።

አሠልጣኙንም ያነጋግሩት። በቁጣ ባይሆን ይመረጣል፤ የእርሱ ስጋት በፎርፌ መሸነፍ ነው። የግማሽ ቡድን በአንድ ሰሞን መታመም ራሱ ለጤና ጣቢያው ሊነገር የሚገባው ነገር ነው፤ የኢትዮጵያ የሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ነፃ መስመር 8335ም ለእንዲህ ያለው ጥቆማ አለ። ከጤና ጣቢያ የተሰጠ ወረቀት ከቀረበላቸው የውድድሩ አዘጋጆች ግማሽ ፍጻሜውን በአንድ ሳምንት ለመግፋት አይከብዳቸውም። የልጅዎ ምርመራ ደህና ከሆነና ትኩሳቱ ያለ መድኃኒት ከጠፋ፣ ጨዋታውም በአንድ ሳምንት ከተገፋ፣ ቢያንስ ተጠባባቂ ወንበር ላይ ለመቀመጥ ይደርሳል።